ባዶ ሜዳ ይዋሻል

ከቀትር በኋላ፣ ሜዳው ባዶ ሳለ፣
«አንድ፣ ሁለት» እላለሁ፤
ድምፄ ጅሬን ወጥቶ፣ ኮረብታ ነካክቶ፣ ዘግይቶ ሲመለስ
የጠራኝ ሰው መስሎኝ ዞሬ እፈልጋለሁ።

ባዶ ሜዳ ይዋሻል።
ትንሹን ያገዝፋል፣ ሻካራን ያለሰልሳል፤
ማታ ሰው ሲሞላው ሥጋ ድምፅ ይበላል፤
ካፖርት፣ ጃንጥላ፣ እርጥብ ጋቢ፣ ሁሉም ድርሻውን ይቆርሳል፤
የተረፈውን ደግሞ የጳጉሜ አየር ይጠጣል።
ይህን ያስተማረኝ ጋሽ ወርዶፋ ነው፣
ግራ ጆሮው የማይሰማ፤
«ለባንዱ ሰጠሁት» ይላል፣
ዕዳውን እንደ ከፈለ ሰው ኮራ ብሎ።

ቤዝ መቺው ኢዮስያስ፦ «እኔን ጨምርልኝ።»
ኪቦርዱ፦ «እኔን ጨምርልኝ።»
ኢፍቱ፣ አገጯን ወደ ማይኩ ሰቅላ፦
«እኔንም፣ ትንሽ፣ እባክህ።»
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ
«ሌላውን ቀንስልኝ» ያለኝ አላጋጠመኝም።
አንድ ከበሮ መቺ ነበር፣
እሱም ኋላ ነጋዴ ሆነ።

ሚክሰሩ በላስቲክ ሥር፣ እኔ በሦስት እግር በርጩማ ላይ፣
ሻፊ ጄኔሬተሩ ጋ፤ የሱ ዓይን ከነዳጁ፣ የኔ ከሰማይ።
ሥራዬ ሲያምር ማንም አያውቀኝ፤
አንዴ ፉጨት ያመለጠኝ እንደሆን
አራት ሺህ ፊት ነው ዞሮ የሚያየኝ።

ጳጉሜ ሦስት። አሥራ ሁለት ተኩል ሊሆን ሲል እጄን አነሳሁ፤
ባንዱ ያውቃል፣ ሕዝቡም ያውቃል፤
ፌደሩን ሁሉ ወደ ታች ሳብሁ።
መግሪብ ነው።

ሜዳው ለካ ይህን ያህል ድምፅ ነበረው!
የአዌቱ እንቁራሪት፣ የጄኔሬተሩ ሳል፣
በቆሎው ከሰል ላይ ጧ ሲል፣
ከወንዙ ማዶ ቆርቆሮ መደብደብ የጀመረ የሩፋኤል ዝናብ፤
ከዚያ ሁሉ በላይ አዛኑ።

አዛኑን አውቀዋለሁ፤ የሚጠራው አባ ዲዱ ነው፤
ድምፅ ማጉያውን እኔ ነኝ የሰቀልሁት፣
ከስድስት ዓመት በፊት፣ መሰላል ተውሼ።
ከረመዳን ጀምሮ ውስጡ ተሰንጥቋል፤
ድምፁ ከፍ ሲል ይንጫጫል፣
ጣሳ ውስጥ እንደ ገባ ንብ።
«እመጣለሁ» ብዬው ነበር።
«ኢንሻ አላህ» ብሎኝ ነበር።
ከዚያ ሠርግ መጣ፣ ምረቃ መጣ፣ የሰፈር ልጆች ዋንጫ መጣ።

ጨለማው ውስጥ ጣቴ ሳላዘው ተነሥቶ
ሁለት ሺህ አምስት መቶውን ሊቀንስ ሄደ፣
ገመዱ ወደ እኔ የማይመጣውን ድምፅ ሊያርም።
አራት ሺህ ሰው በአክብሮት ዝም ብሏል፤
እኔ ብቻ በኀፍረት።

ጸሎቱ አለቀ። ፌደሩን ስመልስ እጄ ከበደኝ፤
ኢፍቱን ከለመደችው ዝቅ አድርጌ አስገባኋት፤
«ጨምርልኝ» አላለችም።
ሕዝቡ አንገቱን ወደ ፊት ሰገግ አድርጎ
እንደ ምሥጢር ሰማት።
ከዚያ ዝናቡ ወንዙን ተሻገረ፣
ማን ከማን እንደሚበልጥ ለመስማት ጊዜ አልነበረም፤
ላስቲክ! ላስቲኩን ያዝ፣ ሻፊ!

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
«ገመድ በክርን አይጠቀለልም፣ ውስጡ ይሞታል» እለዋለሁ፤
ሻፊ «እሺ» ይላል፣ በክርኑ ይጠቀልላል።
ጭቃው ጫማዬን ይዞ አለቅም ብሏል።
ጆሮዬ ውስጥ አንዲት ቀጭን ፉጨት ቀርታለች፤
የሷን ፌደር እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ሲነጋ መሰላል ተሸክሜ ሄድሁ።
አባ ዲዱ በሩ ላይ ጫማ ሲደረድር አገኘሁት።
ስለ ማጉያው አልጠየቀኝም፣ ስለ መዘግየቴም።
«ትናንት ዝም ስትሉ ሰማሁ» አለኝ፤
ሌላ አልጨመረም።
ካቻቢቴዬን በጥርሴ ነክሼ ወጣሁ፤
ስድስተኛው እርከን ላልቷል።